ከግንባሯ የወረደ አፍንጫ

ሉድሩ የሚስቱን አፍንጫ በማጭድ የቆረጠው ዱቄት ይዛ በማምሸቷ ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ቢኖረው ኖሮ ባግቲ ትሰማው ነበር፤ ከነሱ ደጃፍ ቆሞ ታሪኩን አንድ በአንድ የነገራት ራሱ ሰውየው ነዋ።

"ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው ከወፍጮ የመጣችው" አለ፣ ጥምጥሙን እየነካካ። "ወፍጮው ዘንድ የሚውለው ደግሞ ወንድ ነው። ሰዎች አንድ ሁለት ነገር ጣል አደረጉብኝ። ደሜ ፈላ፣ እትዬ።"

"እሺ፣ ደምህ ፈላ። ከዚያስ?"

"ከዚያማ... በሦስተኛው ቀን ስንሰማ ለካ ቦዩ ተደርምሶ፣ ወፍጮው ውሃ አጥቶ ቆሞ ነው የዋለው። የመንደሩ ሴት ሁሉ አምሽቷል።"

"የመንደሩ ሴት ሁሉ!" ባግቲ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። "ታዲያ የስንቷ አፍንጫ ተቆረጠ?"

"የእኔ ብቻ" አለ ሉድሩ አንገቱን ደፍቶ።

የእኔ አለ እኮ! የእሱ አፍንጫማ ምን ሆኖ፣ ፊቱ መሃል ጉብ ብሎ በላብ ያብረቀርቃል። የተቆረጠችው ከኋላው በበቅሎ ላይ ነበረች፤ ሱንኮ ትባላለች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀይ መጎናጸፊያዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ፣ የአምስት ቀን መንገድ ፊቷን ለማንም ሳታሳይ ነው የመጣችው። ቁስሉ ጠግጓል። አፍንጫ በነበረበት ቦታ ግን ሁለት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

የባግቲ ወንድም የኪርፑ ቤት ከካንግራ ምሽግ ግርጌ ነው። አፍንጫ መሥራት ከቅድመ አያት የወረደ ሙያቸው ነው፤ ከላሆርም ይምጣ ከካቡል፣ አፍንጫ የሌለው ሰው ሁሉ የሚያጠያይቀው ያንን ደጃፍ ነው። ዳኛ ያስቆረጠው ሌባ ይመጣል። በጦርነት የተማረከ ወታደር ይመጣል። ከሁሉ የሚበዛው ግን ሚስት ናት፤ ባሏ የቆረጣት፣ ወንድሟ የቆረጣት፣ አማቷ ያስቆረጠቻት። ማጭድ የሚሳልበት ወር ሲደርስ ባግቲ ትርፍ አልጋ ታዘጋጃለች። በሌላው አገር አዝመራ ሲደርስ ጎተራ ነው የሚጠረገው!

ባግቲ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ባሏ ሞቶባት ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቁስል ስታጥብ፣ የሩዝ አጥሚት በማንኪያ ስታጠጣ ኖራለች። ወንድሟን ትወደዋለች፤ እጁንማ ማን ያማል። አንድ ነገሩ ግን ያንገበግባታል። አይጠይቅም። ማን ቆረጠው አይል፣ ለምን አይል። ቆራጩ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ እንኳ፣ "ግቡ፣ እግራችሁን ታጠቡ" ብሎ ነው የሚቀበለው።

"ጫማ ሰፊ ይህን ጫማ ማን ቀደደው ይላል እንዴ?" ይላታል።

"ጫማ አያለቅስም" ትለዋለች።

እሱ ምላጩን ወደ መሳል ይመለሳል። አልሰሜን ግባ በለው!

ኪርፑ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም የሚጠይቀው አምጪውን ሳይሆን ተቆራጯን ነው። በማግስቱ ጠዋት ከሱንኮ ፊት ቁጢጥ አለና፣ "ልጄ፣ ግንባርሽን ትሰጪኛለሽ?" አላት።

"ግንባሬን?" አለች ሱንኮ። ድምፅዋ በዚያ ክፍት ቦታ እየሾለከ በግድ ነው የሚሰማው።

"አፍንጫ ከሰማይ አይወርድም። ከግንባርሽ ቆዳ ገፍፌ፣ አዙሬ አወርደዋለሁ። አፍንጫ የሚያህል ጠባሳ ግንባርሽ ላይ ይቀራል። ደግሞ ያማል። እምቢ ካልሽ ዛሬውኑ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ፣ ማንም አያስገድድሽም።"

ሱንኮ ትንሽ አሰበች። "ይውሰዱት አባባ" አለች። "ግንባሬ ላይ የተጻፈልኝ ዕድል እንደሁ እስካሁን ምንም አልበጀኝም። ውሃ ስቀዳ ልጆች አይተውኝ ባይሮጡ ይበቃኛል።"

በዚያ ቤት ደግሞ ሌላ ወግ አለ፤ ጭንቅላቱን የሚይዘው በሽተኛውን ያመጣው ሰው ነው። ሐሺሽ የተፈላበት ወተት ጠጥታ ሱንኮ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተኛች። ሉድሩ ከራስጌዋ ተንበርክኮ ጆሮዎቿን በሁለት እጁ ያዘ። ኪርፑ ሰም በጣቱ አለስልሶ በጉድጓዱ ላይ አፍንጫ አድርጎ ሠራው፤ ጎተት አደረገው፣ አየው፣ ጎኑን ከፍ አደረገው። ከዚያ ያንን ሰም አንሥቶ ጠፍጥፎ ግንባሯ ላይ ቁልቁል ገለበጠውና ዙሪያውን በቀይ አፈር አሰመረ። ምላጩን አነሣ። ገና የመጀመሪያው መስመር ደም ሲያወጣ፣ ሉድሩ ዓይኑ ተገለበጠና ወደ ኋላ ተዘረጋ።

አይ ወንድ! በማጭድ ሲቆርጥ ያልዞረበት፣ በምላጭ ሲቆረጥ ዞረበት!

"ጎትታችሁ አውጡልኝ ይህን ጀግና!" አለች ባግቲ፤ ከደጅ የነበሩ ሁለት ሰዎች በእግሩ ጎትተው ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር አስተኙት። የሱንኮን ጭንቅላት በጉልበቶቿ መካከል የያዘችው ራሷ ሆነች። ኪርፑ ቆዳውን ከላይ ወደ ታች ገፈፈው፤ በቅንድቦቿ መካከል ግን ጣት የምታህል ሥጋ ሳይቆርጥ ተወ። በእነሱ ቤት ያቺን "እትብት" ይሏታል። የተገፈፈው ቆዳ ደም የሚያገኘው በእሷ ብቻ ነው፤ እሷ ከተጎዳች አበቃ፣ አፍንጫው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ይወድቃል። ሁለተኛ ግንባር ደግሞ የለም። ቆዳውን በእትብቷ ላይ አዙሮ አወረደው፣ የጉድጓዱን ዳር በምላጭ አድምቶ ከዳሩ ጋር ሰፋው፣ በሁለቱ ቀዳዳ እንዳይደፈን ቀጭን የሸምበቆ ቀሰም ከተተ። ባዶ በቀረው ግንባር ላይ የተነጠረ ቅቤ የነካው ጥጥ አኖረ። ሱንኮ አንዴ ብቻ ነው የጮኸችው።

"ሃያ አምስት ቀን" አለ ኪርፑ እጁን እየታጠበ። "በጀርባዋ ትተኛ። አትጎንበስ፣ አትሳቅ፣ አታልቅስ። በሃያ አምስተኛው ቀን አፍንጫው ከአዲሱ ቦታው ሥር ይሰዳል፤ ያኔ እትብቷን እቆርጣለሁ።"

አታልቅስ ማለትስ ቀላል ነበር። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል፤ የሱንኮ ዓይን እንዴት እሺ ይበል! በአራተኛው ቀን፣ ባግቲ አጥሚት በማንኪያ ስታጠጣት፣ እንባዋ ወደ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወረደ።

"ምነው ልጄ? ያምሻል?"

"እትዬ፣ ያን ዕለት ማታ ዱቄቱን በአናቴ ተሸክሜ ነበር። ማጭዱን ይዞ ሲመጣ አየሁት። መጀመሪያ ዱቄቱን አወረድኩት፤ እንዳይደፋ ብዬ።" ዋጥ አደረገች። "እናቱ በማግስቱ በዚያው ዱቄት ቂጣ ጋገሩ። ከጓዳ ሆኜ ሲበሉ ሰማኋቸው።"

ባግቲ ማንኪያውን አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች። ያገኘችውን እንጨት አንሥታ የግቢውን ውሻ ያለ ጥፋቱ አባረረችው፤ ከዚያ ውሻውም አሳዘናት።

በስድስተኛው ቀን ስፌቱ ተፈታ። አዲሱ አፍንጫ ወፈር ብሎ፣ ቀላ ብሎ፣ ሙቀት ነበረው። ሕያው ነው ማለት ነው። በዚያው ቀን ሱንኮ ዓይኗን ጨፍና ተኝታ ሳለ ዝንብ መጥቶ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ዐረፈ።

"እትዬ፣ ግንባሬ ላይ ዝንብ አለ" አለች።

ባግቲ አየች። ግንባሯ በጥጥ ተሸፍኗል፤ ዝንቡ ያለው አፍንጫዋ ላይ ነው። እስክትጠግብ ሳቀች። "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት" አለቻት። "ቆዳው እትብቱ እስኪቆረጥ ድረስ ግንባር የሆነ ይመስለዋል። መውረዱን አልሰማም።"

"ባይሰማ ይሻለዋል" አለች ሱንኮ። "ወደ የት እንደወረደ ቢያውቅ ያዝናል።"

ሉድሩ ከማንጎው ዛፍ ሥር አልጠፋም። እንጨት ይፈልጣል፣ በየጠዋቱ ከገበያ አሬራ ያመጣል፣ "ዛሬስ እንዴት አደረች፣ እትዬ?" ይላል። ለሚስቱ ሻሽ ገዛ። ባግቲ ቀስ በቀስ ልቧ ራራ፤ ሰው ይሳሳታል፣ ተጸጽቶ እኮ ነው ተራራ ለተራራ ያመጣት፣ ስንቱ አለ ቆርጦ ጫካ የሚጥል፣ ማለት ጀመረች። ይህን በማለቷ ኋላ ራሷን በጥፊ ልትመታ ምንም አልቀራት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሉድሩ እናት ራምዴ መጡ። በአጃቢ፣ በቅርጫት ሙሉ ጣፋጭ፣ በታላቅ ድምፅ ነው የገቡት። ለኪርፑ ጣፋጩን አቀረቡለትና ከጉያቸው ቀይ ጨርቅ አውጥተው ፈቱ። ውስጡ ትልቅ ክብ የአፍንጫ ወርቅ አለ።

"ካህኑ ቀን ቆርጠውልናል" አሉ። "ጥሩው ቀን ነገ ነው። ነገ ተበስታ ወርቋን ታጥለቅ፤ ያችንም ግንባሯ ላይ ያለችውን ሥጋ ቁረጥልን። ከዛሬ በስምንተኛው ቀን የልጄ ሠርግ ነው።"

"የየትኛው ልጅዎ?" አለ ኪርፑ።

"የሉድሩ እህት ናታ! አፍንጫዋን የምናሠራው ለምን መሰለህ? የሙሽራው ወገኖች ምራት አፍንጫ ከሌላት ቤት ሙሽራ አንወስድም አሉ። 'እዚያ ቤት ነውር አለ' አሉን። እኛ ቤት ነውር! ፊቷን አይተው ዝም እንዲሉ ነው እንጂ ይህን ሁሉ መንገድ ማን ይለፋበታል?"

ባግቲ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንጎው ሥር ያለውን ሉድሩን አየችው፤ ሉድሩ መሬት መሬቱን አየ። አሬራው፣ ሻሹ፣ "እንዴት አደረች"ው፣ ሁሉ ለሠርግ ነበር! ሙክት ለሠርግ ሲቀለብ ያየ አለ፤ አፍንጫ ለሠርግ ሲቀለብ ግን ማን አይቶ ያውቃል?

"እሜቴ፣ እትብቷን አሁን አልቆርጥም" አለ ኪርፑ በትሕትና። "አሥራ ሦስት ቀን ይቀራታል። ከቆረጥኩ አፍንጫው ይሞታል።"

"እሺ፣ ሥጋዋን ተዋት፤ በመጎናጸፊያ እንሸፍናታለን። ብሳት ብቻ። ባዶ አፍንጫ ይዛ ሠርግ ቤት ልትገባ ነው? ባዶ አፍንጫ የመበለት ነው!" አሉና ባግቲን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ባሏ በሞተ ዕለት ወርቁ የወለቀበት የባግቲ አፍንጫ ቀዳዳው እንኳ ተደፍኗል። "ሙሽራ ፊት መበለት የሚያቆም አለ? ሟርት ነው።"

ኪርፑ አገጩን አሸ። ባግቲ ያንን አስተሻሸት ታውቀዋለች። "መርፌው ቀጭን ከሆነ... ከዳሩ ከሆነ..." ማለት ጀመረ።

"ኪርፑ!"

"ነገሩ፣ እህቴ..."

"ነገሩ ምንም! በአሥራ ሁለት ቀኑ ይበሳል? ያንን የሚያህል ወርቅ ሊንጠለጠልበት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ለአንድ ቀን ሠርግ የዕድሜ ልክ አፍንጫ ልታበላሽ ነው? አንተ አይደለህ የሞተ አፍንጫ ሲሸት ሦስት ቀን እህል የማትበላው!" ሱንኮ ከተኛችበት ምንጣፍ አንድ ስንደዶ መዘዘች። "ልጄ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። የት ነው የነካሁሽ?" አለችና የሱንኮን አፍንጫ ጫፍ በቀስታ ነካች።

"ግንባሬን" አለች ሱንኮ።

"ሰሙ? ገና ግንባር ነው! ይህ ቆዳ አፍንጫ መሆኑን አልሰማም። የሴት ግንባር ላይ ነው ወርቅ የምታንጠለጥሉት? አንተስ ወንድሜ፣ ግንባሯን ስትወስድ የለመንከው ማንን ነው? እሷን ነው ባሏን?"

የመለሱት ራምዴ ናቸው።

"ግንባሯም ቢሆን የልጄ ነው" አሉ፣ ውሃ ጠጡ እንደማለት ያህል። "አፍንጫዋም የሱ ነበር፤ ቆረጠው፣ አሠራው። አንቺ መበለት ምን አገባሽ? ስንቷን ልጃገረድ በዚህ እጄ በስቻለሁ። ወዲያ በሉልኝ።" ከፀጉራቸው ረጅም መርፌ መዘዙ፣ ጎንበስ አሉ፣ የሱንኮን አገጭ ያዙ።

ሱንኮ የአማቷን አንጓ ያዘች።

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባዋ የተኛች፣ በማንኪያ የምትጠጣ ሴት ናት። ያንን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው ባግቲ እስከ ዛሬ አልገባትም። ቀስ ብላ፣ አንገቷን እንኳ ሳታጎብጥ፣ ተነሥታ ተቀመጠች። በቅንድቦቿ መካከል እትብቷ፣ በአፍንጫዋ ቀሰሞቹ፣ በግንባሯ ጥጡ፤ ፊቷ የሚያስፈራ ነበር፤ ከዚያ ፊት ግን ዓይንን ማንሣት አይቻልም።

"እማማ፣ ባዶ አፍንጫ የማን ነው አሉ?"

"የመበለት! ስንቴ ልንገርሽ?"

"እንግዲያው ባሌ ሞቷል።"

ሱንኮ እጇን ዘርግታ ኪርፑ ምላጭ የሚስልበትን ድንጋይ ወደ ራሷ ሳበች። የግራ አንጓዋን አንሥታ ድንጋዩ ላይ መታችው። የሠርጓ የመስታወት አምባሮች አረንጓዴና ቀይ ሆነው ተበተኑ። ከዚያ የቀኙን። በዚያ አገር አምባር በድንጋይ የሚሰበረው ባል ሲሞት ብቻ ነው፤ የሚሰብሩትም ሌሎች ሴቶች ናቸው እንጂ ሚስቲቱ አይደለችም። ባግቲን በአሥራ ስድስት ዓመቷ አራት ሴቶች ጨምድደው ይዘው ነው የሰበሩባት፤ እየጮኸች፣ እየለመነቻቸው። ሱንኮን የያዛት የለም። አንድ አምባር ከክርኗ አጠገብ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም አውጥታ ሰበረችው።

"ኡኡ! ልጄን! ልጄን በቁሙ ገደለችው!" ራምዴ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። መርፌው ከእጃቸው ወደቀ። "ሟርተኛ! የአንድ ወንድ ልጄን ስም ከሕያዋን አወጣችው! ሟርቱን አፍርሺው! አሁኑኑ አፍርሺ!"

ጩኸቱን ሰምቶ ሉድሩ አሬራውን እንደያዘ እየሮጠ ገባ። የተሰባበረውን አምባር አየ፤ የሚስቱን ባዶ አንጓ አየ።

"ኧረ እኔ አለሁ" አለ። "ሱንኮ፣ አለሁ እኮ። ይኸው ቆሜያለሁ።"

"ዱቄቱን ካወረድኩ በኋላ ነው የሞተው" አለች ሱንኮ፤ ለሱ ሳይሆን ለባግቲ። "እስካሁን ሳላለቅስለት ቆየሁ። አሁንም አላለቅስም፤ አፍንጫዬ ይላቀቃል።"

ራምዴ ወደ ኪርፑ ዞሩ። "ዝም ብለህ ታያለህ? እዚህ ቤት ሕግ የለም? ጠይቃት እንጂ! ማን ሞተ በላት!"

ኪርፑ ቀስ ብሎ ተነሣ። አርባ ዓመት ሙሉ አምጪውን ክፉ ቃል ተናግሮት የማያውቅ ሰው ነው፤ ባግቲ አሁንም ጣፋጩን አመስግኖ ሊቀመጥ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች። ኪርፑ ጎንበስ ብሎ መርፌውን ከመሬት አነሣ፣ ቀይ ጨርቁን ከነወርቁ ጠቀለለ፣ ሁለቱንም ቅርጫቱ ውስጥ ከጣፋጩ ላይ አኖረ። ቅርጫቱን በሁለት እጁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ለሴትዮዋ አቀበለ።

"እሜቴ" አለ፣ "ሬሳዎን ይዘው ይውጡልኝ። እዚህ ቤት የምናክመው ሕያዋንን ነው።"